ስንት ጣሳ ይወጣዋል?

እህል ነጋዴ ነኝ። ደብረ ብርሃን ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስንዴ ከጅሩ፣ ጤፍ ከምንጃር፣ ገብስና ባቄላ ከመንዝ፣ ማሽላና ማሾ ከሸዋሮቢት አመጣለሁ። ሰባኪ አይደለሁም። ድቁናም የለኝም። ይህን የምጽፈው ስግብግብነት ሳይታወቅ እንዴት ሰው ቤት እንደሚገባ በራሴ ስላየሁት ነው።

ስግብግብ ሲባል ድሮ የሚታየኝ ሌላ ሰው ነበር። ለእንግዳ የማይቆርስ፣ ለልጁ ጫማ የማይገዛ፣ እድር ላይ በአሥር ብር የሚጨቃጨቅ። እኔ እንደዚያ አልነበርኩም። ቤቴ እንግዳ አይጠፋውም። የሚካኤል ማኅበር አለኝ። የተወለድኩበት ቀበሌ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሲታደስ 60 ቆርቆሮ ሰጥቻለሁ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ ሕዝቡ እልል አለ። አልዋሽም፣ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

በ2012 ዓ.ም. ከአንድ የጅሩ ገበሬ ሁለት ጥማድ መሬት በወለድ አገድ ያዝኩ። ለማያውቀው ላስረዳ። ገበሬው ገንዘብ ይቸግረዋል። መሬት አይሸጥም። ስለዚህ አበዳሪው ብሩን ሰጥቶ መሬቱን ይይዛል። ዋናው ብር እስኪመለስ ድረስ አርሶ የሚበላው አበዳሪው ነው። ወለዱ ሰብሉ ነው ማለት ነው። የዚህ ሰውዬ ልጅ ታሞበት ነበር፤ 40 ሺህ ብር ሰጠሁት። በሦስት መኸር ያነሳሁት ስንዴ የዘሩም፣ የማዳበሪያውም፣ የጉልበቱም ወጪ ተቀንሶ ከሰጠሁት ብር አለፈ። እሱ ግን አሁንም 40 ሺህ ብር ዕዳ አለበት። መሬት የሌለው ገበሬ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። አንዳንዴ የገዛ መሬቱ ላይ፣ ለእኔ፣ በቀን ሒሳብ ያጭድ ነበር። ያኔ ይህ ምንም አልከነከነኝም። እንዲያውም ሥራ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስንዴው ታጭዶ ነዶው ወደ አውድማ ሲጋዝ ጅሩ ወርጄ ነበር። አንዲት ሴት ሁለት ልጆች አስከትላ ከአጫጆቹ ኋላ ቃርሚያ ትለቅማለች። ጠራኋትና «ገና አላነሳንም፤ ስንጨርስ ትመጫለሽ» አልኳት። ስንጨርስ ደግሞ ከብት ይለቀቅበታል፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ቆማ አየችኝ። ምንም አላለችም። በእጇ የያዘችውን ዛላ እዚያው መሬት ላይ አስቀምጣ ልጆቿን ይዛ ሄደች።

ማታ ቤት ገባሁ። እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከመንዝ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰሉን ከበን ተቀምጠናል። እኔ የቀኑን ውሎ እያወራሁ ነው። ሥራ ላይ ባለቤቱ ካልቆመ ስንት ነገር እንደሚባክን ለልጆቼ ለማስተማር ብዬ የሴትዮዋንም ነገር አነሳሁ። እናቴ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገችና ጠየቀችኝ።

«ስንት ጣሳ ይወጣዋል?»

«ምኑ?»

«ሴትዮዋ የለቀመችው።»

አሰብኩ። «ሁለት ቢሆን ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ከሰሉ ዞረች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔም ሌላ ቃል አልወጣኝም። አባቴ የሞተው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ እኔንና ሁለት እህቶቼን ያሳደገችን የሰው ገብስ እየቃረመች ነው። የለቀመችውን አሽታ፣ አበጥራ፣ ቆልታ በሶ ትፈጭልናለች። እኔም ከኋላዋ እየተከተልኩ ለቅሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ ባለ መሬት ለአጫጆቻቸው «ጠርጋችሁ አትጨዱት» ሲሏቸው የሰማሁት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እንግዲህ ያ ልጅ ነው አድጎ ጅሩ ላይ ለሁለት ጣሳ ስንዴ እናት ያባረረው።

ሽማግሌው ያደረጉት ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሕግ ሆኖ መጻፉን ያወቅሁት በኋላ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥9-10 ላይ የእርሻህን ዳርቻ ፈጽመህ አትጨድ፣ ቃርሚያውን አትልቀም፣ ለድሀና ለእንግዳ ተወው ይላል። መጽሐፈ ሩት ላይ ቦዔዝ ይብሳል። ሩት ስትቃርም ሳይከለክላት መቅረቱ አንሶት፣ ከነዶው ሆን ብላችሁ እየመዘዛችሁ ጣሉላት ብሎ አጫጆቹን ያዛል። ልብ በሉ፤ ይህ ምጽዋት አይደለም። ድሀዋ ደጅ አትጠናም፣ እጇን አትዘረጋም። ሠርታ ነው የምትወስደው። ባለ መሬቱ የሚጠበቅበት እጁን ሰብሰብ ማድረግ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ በገጠር ደብር ነው የሚያገለግሉት። ባዶ እጄን አልሄድኩም። ለገና አሥራት ብዬ 5 ሺህ ብር በፖስታ ይዤ ነበር። ስለ ሴትዮዋ ነገርኳቸውና ፖስታውን አስቀመጥኩ። አላነሱትም።

«ይሄ የማነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው አባ።»

«ከየት መጣ?»

ከንግድ ነዋ! ከየት ይመጣል? ግን እዚያ ላይ አልተውኝም። ስትገዛ እንዴት ነው የምትገዛው? ስትሸጥስ? ሚዛኑን ማን ይይዛል? ስታበድርስ? ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እኔ ለዓመታት ንስሐ ስገባ የምናገረው ጾም መግደፌን፣ መቆጣቴን፣ ምላሴን ነበር። ሚዛኔን ተናዝዤ አላውቅም። ንግድ ነዋ፣ ምን ያናዝዘዋል?

ሚዛኑ እንዲህ ነው። ገበሬው እህሉን ይዞ ሲመጣ «የማዳበሪያ» ብለን ከእያንዳንዱ ኩንታል ሁለት ኪሎ እቀንሳለሁ። ባዶ ማዳበሪያ ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ገበሬውም ያውቃል፤ ግን እህሉን በአህያ ጭኖ ስንት ሰዓት ተጉዞ መጥቷል፣ መልሶ አይጭነውም። በአንድ መኸር 800 ኩንታል ብገዛ 16 ኩንታል በነጻ ገባ ማለት ነው። ስሸጥ ደግሞ ከማበጠሪያው የወጣውን ግርድ መልሼ ጥቂት ጥቂት እደባልቃለሁ። ሌብነት አልለውም ነበር፤ «አሠራር» ነው የምለው።

አባ ትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 8ን አነበቡልኝ። መስፈሪያውን እያሳነሱ፣ ዋጋውን እያበዙ፣ የስንዴውን ግርድ የሚሸጡ ነጋዴዎች። ሰንበት መቼ ያልፋል፣ እህላችንን እንሸጥ ዘንድ የሚሉ። አሞጽ እረኛና የበለስ ዛፍ ጠባቂ የነበረ የቴቁሔ ሰው ነው። የእህል ተራ ሰው ሳይሆን እንዴት ግርድን አወቀ ብዬ ገረመኝ። ገዝቶ ያበጠረ ይሆናል።

ከዚያ ስለቱን ነገርኳቸው። ይህን ለመናገር ዛሬም ያፍረኛል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ከተማው በተፈናቃይ ተሞላ። መጋዘኔ ውስጥ ስንዴ ነበረኝ። ሰው እየመጣ ሽጥልን ይላል። የለም አልኩ። ቆለፍኩ። ግማሹ ፍርሃት ነበር፤ ልጆቼን ይዤ ብወጣስ፣ ቢዘረፍስ የሚል። ግማሹ ግን ዋጋው ነገ ይጨምራል የሚል ሒሳብ ነው። ነገሩ ጋብ ሲል ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ «የያዝኩት ስንዴ ዋጋው ከፍ ካለልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ዋጋው ጨመረ። ጃንጥላውን አገባሁ። ከነጥልፉ፣ ከነዘርፉ።

አባ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እመቤታችንን እህል አስወዳጅ አደረግሃታ?» አሉኝ። የሚስቁ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አይስቁም።

ፖስታዬን መልሰው ሰጡኝ። ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ መባህን በዚያ ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ይላል አሉ። «መጀመሪያ ባለቤቶቹን ፈልግ። ለእግዚአብሔር ከዚያ በኋላ ታመጣለህ።» ሌላም አዘዙኝ። እስከ ዐቢይ ጾም ፍጻሜ የሉቃስ ወንጌልን 12ኛ፣ 16ኛና 19ኛ ምዕራፍ በየቀኑ እንዳነብ።

ሰው አንድ ምዕራፍ አርባ ጊዜ ሲያነብ ያላየውን ያያል። 12ኛው ላይ ያለውን ሀብታም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ግን በውርስ ክርክር መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ወንድሜን ርስት እንዲያካፍለኝ ንገረው ይላል። (እኛ አገር ፍርድ ቤት አንድ ቀን የዋለ ሰው ይህ ጥቅስ ለማን እንደተጻፈ አይጠፋውም።) ጌታ ሲመልስ «ከመጎምጀት ሁሉ ተጠበቁ» ይልና የሀብታሙን ምሳሌ ይነግራቸዋል። ሀብታሙ ሰረቀ አይልም። ሚዛን አሳነሰ አይልም። እርሻው ፍሬያማ ሆነችለት ነው የሚለው። ከዚያ ሰውዬው ብቻውን ያስባል፦ ፍሬዬን፣ ጎተራዬን፣ በረከቴን፣ ነፍሴን። «የእኔ» የሚለውን ሁሉ እየቆጠርኩ አሰመርኩበት። ዝናቡን ማን ሰጠ፣ ማን አጨደ፣ ማን ወቃ፣ አንድም የለም። የሚያማክረው ሰው እንኳ የለውም፤ የሚያወራው ከነፍሱ ጋር ነው። እኔም ሌሊት ሌሊት ጣራ ጣራ እያየሁ ሒሳብ ስሠራ እንዲሁ ነበርኩ።

16ኛው መጀመሪያ ላይ ያለው የመጋቢው ምሳሌ ግራ ያጋባል። መጋቢው አጭበርባሪ ነው፤ ከሥራ ሊባረር ሲል የጌታውን ባለ ዕዳዎች ጠርቶ የስንዴውን ዕዳ ከመቶ ወደ ሰማንያ ያስቀንሳል። ጌታው ደግሞ በልባምነቱ ያመሰግነዋል። ይህን ከነሙሉ ትርጓሜው ላስረዳ አልችልም፤ ሊቃውንት አሉ። እኔን የያዘኝ «መጋቢ» የሚለው ቃል ነው። መጋቢ የሚያዘው በሰው ንብረት ላይ ነው። ሒሳብ አምጣ ይባላል። እኔ በ22 ዓመት ንግድ ውስጥ ግብር ከፋይ እንደሆንኩ እንጂ ለሌላ ሒሳብ የማቀርብ ሰው መሆኔ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሀብታሙ ነዌና ድሀው አልዓዛር አሉ። ነዌም አልዓዛርን አልደበደበውም። ደጁ ላይ ተኝቶ እያየው አለፈው፤ በቃ።

መጋቢት ላይ ገብር ኄር ደረሰ። የጾሙ ስድስተኛ ሰንበት ነው፤ የመክሊቱ ምሳሌ የሚነበብበት። እኛ መክሊት ስንል የዘፈን ወይም የስብከት ስጦታ እናደርገዋለን። በጥንቱ አነጋገር ግን መክሊት የገንዘብ ሚዛን ነው። አንዱ መክሊት ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ። እንግዲህ አንድ መክሊት የተሰጠው ሰው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ የሚያስሠራ ደመወዝ ነው የተሰጠው። ትንሽ የተሰጠው የለም። ጌታው ሲመለስ «ገንዘቤን» ነው የሚለው። ሀብታሙ «ፍሬዬን» እንዳለው፣ ጌታው «ገንዘቤን» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይህን ስሰማ ብርድ ብርድ አለኝ።

አሁን ወደ መመለሱ ልሂድ፤ ለሌላው የሚጠቅመው ይህኛው ይመስለኛል።

ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል (ሉቃ. 19፥8)። እኔ አራት እጥፍ ልመልስ ብል ሱቁ ይዘጋል። አባ ኦሪት ዘኍልቍ 5፥7ን አሳዩኝ፤ ዋናውንና በላዩ አምስተኛ እጁን ጨምሮ ይመልስ ይላል። በዚህ ተስማማን። የዱቤ ደብተሬን አወጣሁ። ዘወትር ለእኔ የሚሸጡ 43 ገበሬዎች ስም አለበት። የሦስት ዓመት ቅናሽ በኪሎ፣ በኪሎው ዋጋ፣ ሲደመር አምስተኛው። ባለቤቴ ሒሳቡን አይታ «የሰው ገንዘብ መመለስህ ደግ ነው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ግን መልሶ የሚሰጥህ የለም» አለችኝ። ተኳረፍን። በመጨረሻ እሷ ያመጣችው ሐሳብ አዳነን፦ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ፣ በሁለት ዓመት። ከእኛ ቤት መጋቢው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የመጀመሪያውን በገበያ መሐል ሰጠሁ። ትልቅ ስሕተት። ሰውዬው ጓደኞቹ ፊት ብር ስዘረጋለት ፊቱ ተለዋወጠ። የተታለለ ሞኝ መሆኑን አደባባይ ላይ የነገርኩት ያህል ነው። «ምጽዋት አልለመንኩህም!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ፣ ቤታቸው እየሄድኩ፣ ሳላብራራ ሰጠሁ። «ሚዛኑ ልክ አልነበረም፣ ይህ የእናንተ ነው» ብቻ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ «የምታውቀኝ ሰባት ዓመት ነው፣ የሦስቱን ብቻ ለምን?» አለኝ። እውነቱን ነው። እያጉረመረምኩ ጨመርኩለት። አንድ ሽማግሌ ብሩን አልቀበልም ብለው «ሚዛኑን ቀይረው» አሉኝ። ያላገኘኋቸው ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ያልተገኘ ገንዘብ ለካህኑ እንደሚሰጥ እዚያው ዘኍልቍ ላይ አንብቤ የእነሱን ድርሻ ለአባ ልሰጥ ብል፣ ለእኔ አይሆንም፣ ለተፈናቃዮቹ እህል ግዛበት አሉኝ።

የጅሩው መሬት ሌላ ነገር ነው። ዘጸአት 22፥26-27 ላይ የባልንጀራህን ልብስ መያዣ ብትወስድ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል፤ የሚተኛበት ሌላ ምን አለው? ደብረ ብርሃን ላይ፣ ውርጭ ባቄላ በሚያቃጥልበት ወር፣ ይህን ቃል ብርድ ልብስ ለብሶ ማንበብ ቀላል አይደለም። መሬት ለገበሬ ልብሱ ነው። ዕዳውን ሰርዤ መሬቱን ልመልስ ወሰንኩ። አባ «ይሄን እኔ አልወስንልህም» ብለው ነበር። ሄድኩና ለገበሬው ነገርኩት።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

ምንም አልኩት። አላመነኝም። መሬቱ ሊለካ ነው፣ ካሳ ሊመጣ ነው፣ አንድ ነገር ሰምቷል ብሎ ጠረጠረ። ሁለት ሽማግሌ ጠርቶ፣ ወረቀት አጽፎ፣ አስፈርሞኝ ነው የተረከበኝ። አላመሰገነኝም። አሁንም ገበያ ስንገናኝ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። ልወቅሰው አልችልም። ሦስት ዓመት የገዛ ስንዴውን ለእኔ ያጨደ ሰው ነው። ሴትዮዋን ግን ፈልጌ አላገኘኋትም። የአካባቢው ሰው «መንገደኛ ትሆናለች» አለኝ።

ሌላም ሞኝነት ሠርቻለሁ። ልቤ ሲነካ የጠየቀኝን ሁሉ መስጠት ጀመርኩ። ከትርፉ ሳይሆን ከመነገጃው። ዘመድ ሰማ፤ የዘመድ ዘመድ ሰማ። ፋሲካ ሲደርስ መግዣ ብር አጣሁ፣ እቁብም አሳለፍኩ። ባለቤቴ «አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ወደቅህ» አለችኝ። ልክ ናት። ገብር ኄር ላይ ጌታው ያመሰገናቸው በትነው የጨረሱትን አይደለም፤ ነግደው ያተረፉትን ነው። አደራ የተሰጠው ሰው አደራውን ይጠብቃል። መነገጃው ካለቀ ከገበሬው ማን በእውነተኛ ሚዛን ይገዛል?

ነቀዝን ልርሳው ብዬ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። በ2013 ዓ.ም. ከቆላ ካመጣሁት ማሽላ ነቀዝ ገብቶ ስንዴዬን አበላሸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ነቀዝ አይወድም ብዬ ተዘናግቼ ነበር። ጤፉን ነቀዝ አይበላውምና እሱ ተረፈ። ሰው «እግዚአብሔር ቀጥቶህ ነው፣ ከዚያ ተመለስክ» ይለኛል። አልተመለስኩም። የነቀዝ ክኒን ነው የገዛሁት። ማቴዎስ 6፥19 ላይ «ብልና ዝገት» የሚለውን ጭምር እያወቅሁት። ኪሳራ ስግብግብን ሰው አያድነውም፤ የበለጠ እንዲቆልፍ ነው የሚያደርገው። ለእኔ እንዲያ ነበር።

ከባዱ ጥያቄ ማከማቸት ራሱ ኃጢአት ነው ወይ የሚለው ነው። ምሳሌ 11፥26 እህልን የሚያስቀር በሕዝብ ዘንድ የተረገመ ነው ይላል። ግን እህል ነጋዴ ካላከማቸ የታኅሣሡን ስንዴ ነሐሴ ላይ ማን ያደርሰዋል? ዮሴፍም በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አምስተኛውን አከማችቷል (ዘፍ. 41፥34)። ረሃቡ ሲመጣ ግን ጎተራውን ከፈተ። እኔ የተራበው ሲመጣ ቆለፍኩ። ዮሴፍም በኋላ የግብፃውያንን ከብትና መሬት ለፈርዖን ወስዷል ብዬ አባን ሞግቻቸው ነበር። «አንተ መጀመሪያ መክፈቱን ተማር» አሉኝ።

ስለዚህ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በገበያ ቀን ለቤት የሚገዛ ሰው አንድ ኪሎም ቢል፣ አምስትም ቢል፣ አልመልስም። ሽማግሌው እንዳሉት ሚዛኑን ቀይሬያለሁ፤ አጠገቡ ሃያ ኪሎ የሚመዝን የታወቀ ክብደት አለ፣ የተጠራጠረ ገበሬ ራሱ ይሞክረዋል። ለማዳበሪያ የምቀንሰው የባዶውን ማዳበሪያ ክብደት ብቻ ነው። አሥራቱን ከየወሩ ትርፍ መጀመሪያ አወጣለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ከተረፈ እሰጣለሁ ስል የተረፈበት ወር ስለሌለ። ማቴዎስ 23፥23 ላይ ከእንስላልና ከከሙን አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉት ሰዎች ተወቅሰዋል፤ እኔ ነበርኩ፣ ከነቆርቆሮዬ። ለችግረኛ ገበሬ በክረምት ሳበድር ወለድ የለም። ግን ባይመለስ ቤቴን የማያናጋ መጠን ብቻ ነው፣ ያውም በጽሑፍና በምስክር። ደግነት ሒሳብ አያስጥልም።

ከሁሉም የከበደን ከባለቤቴ ጋር «ይበቃናል» የሚለውን ቁጥር መጻፍ ነበር። ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለክፉ ቀን። ሦስት ማታ ፈጀብን። እኔ ቁጥሩን ከፍ አደርገዋለሁ፣ እሷ ዝቅ ታደርገዋለች። ከቁጥሩ በላይ የመጣው የእኛ አይደለም ብለን ደብተሩ ላይ ጻፍን። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ሞክሬያለሁ። አንዴ ተሳክቶልኛል።

ትናንት አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ያለህን ስንዴ አትልቀቅ፣ እስከ ሐምሌ ያዝ፣ ዋጋው ይሰቅላል አለኝ። መጋዘን 60 ኩንታል አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ደብተሩን አወጣሁ። ሠላሳውን ዛሬ ጠዋት ለሁለት ዳቦ ቤት በዛሬው ዋጋ ሸጥኩ። የቀረውን ሠላሳ ገና አልወሰንኩም። ባለቤቴ ቁልፉን ወስዳ መቀነቷ ላይ አስራዋለች።